ደብዳቤ ለልጄ፦ እጅህ ከጆሮህ አይቅደም

ይድረስ ለልጄ ለሰኢድ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ብቻ ወገቧ እያስቸገራት ነው።

አጎትህ አንተ ካለህበት ተመልሶ የነገረንን ከሰማሁ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ላይ ጮኸህ መደቧን በፖሊስ ጫማህ ገለበጥክ አለኝ። ደንብ ተላልፋ ይሆናል። ቢሆንም ልጄ፣ እጅህ ከጆሮህ አይቅደም። እግርህም አይቅደም።

እኔም የደንብ ልብሱን የለበስኩ ሰሞን ፖሊስ ማለት የሚፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሳልፍ ሰው ዝም ሲል ያከበረኝ እየመሰለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። የዚያን እረኛ ነገር ነግሬሃለሁ፤ መጨረሻውን ግን ደብቄሃለሁ። በ1980 ነው። በሬ ሰረቀ ብለው ሲያመጡት አንድ ቃል ሳልጠይቀው በጥፊ መታሁት፤ ዘጠኝ ቀንም ታስሮ ቆየ። በሬው ጠፍቶ ኖሮ ከሰው ማሳ ተገኘ። እናቱ ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ መጥታ፣ «ልጄን ፈታህልኝ» ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔን አመሰገነች! እኔ ይቅርታ እንኳ አላልኳትም። ዛሬም ለሶላት ጉልበቴን ባጠፍኩ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ለእናንተ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አለላችሁ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጽፈህ ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው።

ሥራዬ የገባኝ ዘግይቶ፣ ባቲ የሰኞ ገበያን ስጠብቅ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉን ነድቶ ይመጣል፤ ገበሬው ከደጋ እህሉን ጭኖ ይወርዳል። የለቃቀምኳት ኦሮምኛና ጥቂት የአፋርኛ ሰላምታ ከዱላዬ ይበልጥ ጠቀሙኝ። ፍየል የጠፋበት ሰው እኔን ፈልጎ መምጣት ሲጀምር፣ ደም ሊያስታርቁ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ አባጋሮቹ፣ «አንተም ና፣ አብረኸን ተቀመጥ» ሲሉኝ፣ ፖሊስ የሆንኩት ያን ጊዜ ነው። አንተም እንዲህ ሁን። እጅህ ከጆሮህ አይቅደም።

በሶና ጋቢ በአውቶቡስ ልከንልሃል፤ ዓርብ ጠዋት ከመናኸሪያ ተቀበል። ጨጓራህን አስብ፤ በባዶ ሆድህ ቡና አትጠጣ። ለእናትህም ደውልላት፤ የአጎትህን ወሬ እሷ አልሰማችም።

ወደ ሴትዮዋም ሂድ። የቲማቲሟን ዋጋ ጠይቀህ ክፈላት። በሰው እጅ አትላክ፤ የደንብ ልብስህን እንደለበስክ ራስህ ሂድ።

አባትህ
ከሐይቅ