ጀርባሽን ከማዞርሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የጁዶ ልምምድ ቪዲዮ አየሁት። እናትሽ «አሁንም እሱኑ ነው የምታየው?» እስክትለኝ ድረስ ደጋግሜ አየሁት።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ስለ አያያዝሽ አንድ ነገር ብናገር «አባዬ፣ አሰልጣኝ አለኝ እኮ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ልክ ነሽ፣ አለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ካናደደሽ አጥፈሽ አስቀምጪውና ነገ አንብቢው። ቢያንስ መሃል ገብቼ አልጮህብሽም።

«ሦስት ወር ሙሉ በራንዶሪ (በልምምድ ትግል) አንድም ሰው በሴኦይ ናጌ (በጀርባ አዝሎ በመጣል) አልጣልኩም፤ ጉልበት ሳያንሰኝ አይቀርም» ብለሻል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጉልበት አላነሰሽም፣ ቸኩለሻል። ልጅቷ ሁለት እግሯን ተክላ፣ ክብደቷን ተረከዟ ላይ አሳርፋ እንደቆመች ጀርባሽን ሰጠሻት። መጎተት የጀመርሽው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳ ብትጎትቺ ያው ነበር። እሷ ወገቧን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገች፣ በቃ። ያንቺ ፊት ግን ደም መስሏል።

አንድ አጣጣል ሦስት ነገር አለው፤ ኩዙሺ፣ ጹኩሪ፣ ካኬ። ሚዛን ማሳጣት፣ ገብቶ መግጠም፣ መጣል። ለቀበቶ ፈተና ሸምድደሽዋል፣ አውቃለሁ። አፍ ያወቀውን እጅ እስኪያውቀው ግን ጊዜ ይፈጃል። አንቺ ሁለተኛውን ሠራሽ፣ ሦስተኛውን ሞከርሽ። የመጀመሪያውን ፈልጌ አጣሁት።

የጁዶ መሥራቹ ጂጎሮ ካኖ ራሱ ይህ ነገር ወዲያው የገባው እንዳይመስልሽ። የጁዶ ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን እ.ኤ.አ. በ1882 ሲመሠርት ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ የልምምድ ቦታውም አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ የምትበቃ ክፍል ነበረች። ኪቶ ሪዩ የሚባለውን የቀድሞ የጃፓን ትግል ካስተማሩት ከመምህሩ ከኢኩቦ ጋር ሲታገል የሚወድቀው ሁልጊዜ እሱ ነው። በ1885 አካባቢ ግን አንድ ቀን ነገሩ ተገለበጠ። ካኖ መምህሩን ደጋግሞ ጣላቸው፤ እሳቸው ሊጥሉት አልቻሉም። ምን አግኝተህ ነው ሲሉት፣ ሰው ሲገፋና ሲጎተት ሚዛኑ እንዴት እንደሚፈርስ ሲያጠና መክረሙን ነገራቸው። ካኖ በኋላ ሲያወራው፣ መምህሩ ካሁን ወዲያ የማስተምርህ የለኝም አሉኝ ይላል። ልብ በይ፣ በመሃል ጡንቻ አልጨመረም።

የእኔን ደግሞ ስሚ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ጁዶ ስጀምር 31 ዓመቴ ነበር፤ ክብደቴ 90 ኪሎ። ያበላሸኝም እሱ ነው። ጀማሪ ጀማሪውን በክንዴ እየጎተትኩ አጋድመው ስለነበር ጁዶ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ክለባችን ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፤ በ15 ዓመት ይበልጠኛል፣ 60 ኪሎ አይሞላም። ማንም አብሮት ለመታገል አይሽቀዳደምም ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ተያይዘን ሁለት እርምጃ ስንሄድ ነው። እግሬ ድንገት ከሥሬ ጠፋ። ሙዝ ልጣጭ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ተነሳሁ። ደገመኝ። ሰባተኛው ላይ ሳቄ መጣ።

«ምንድነው የምታደርገኝ?» አልኩት።

«ምንም። እግርህን ልታሳርፍ ስትል እወስደዋለሁ። ካሳረፍከው በኋላማ ማን ያነሳሃል?»

ዴ አሺ ባራይ ነው። አንቺም በመጀመሪያው ወር የተማርሽው። ለወራት ያን ሰውዬ ለመምሰል የሰው እግር ቁልቁል እያየሁ ስሄድ፣ ያው ሰውዬ አንገቴን ቀና አደረገልኝ። እግር በዓይን አይያዝም፤ በእጅጌና በኮሌታ በኩል ነው የሚሰማው። ሰው ሊራመድ ሲል ትከሻው ቀድሞ ይነግርሻል፤ ትከሻው ደግሞ ልብሱን ይስባል። እጅሽ ላላ ካለ ይሰማሻል። ክንድሽን እንጨት ካደረግሽው አይሰማሽም፤ ይባስ ብሎ አንቺ ልትሠሪ ያሰብሽው ሁሉ ለእሷ ይሰማታል። ቪዲዮው ላይ ክንዶችሽ እንጨት ናቸው። መውደቅ ፈርተሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ግራ እጅሽ። እጅጌዋን የያዘው እጅ ሂኪቴ ይባላል፤ የሚጎትት እጅ ማለት ነው። አንቺ ወደ ሆድሽ ነው የምትጎትቺው። ወደ ሆድሽ ከጎተትሽ እሷ ተረከዟ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች። እሷ ወደ ፊት እንድታዘነብል ወደ ላይ ውሰጂው፤ በግራ እጅሽ ያሰርሽውን ሰዓት ልታዪ ክንድሽን ቀና እንደምታደርጊው። ያን ጊዜ ብብቷ ይከፈታል፣ ክብደቷ ወደ እግሯ ጣቶች ይመጣል። ተረከዟ ከምንጣፉ የወረቀት ያህል ከተነሳ ይበቃሻል። መዞር የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ቀኝ እግርሽን ከቀኝ እግሯ ፊት ለፊት፣ ወደ ውስጥ ጠጋ አድርገሽ አሳርፊ። ግራውን ከኋላ አዙረሽ አምጪው። እግሮችሽ ከእሷ እግሮች መሃል ይሁኑ፤ አንቺ በጣም እየከፈትሻቸው ነው፣ ስትከፍቻቸው ደግሞ መሽከርከር ያቅትሻል። ጉልበትሽን እጠፊ፤ ዳሌሽ ከቀበቶዋ በታች ይግባ። አጭር በመሆንሽ ስታማርሪ ኖረሻል፤ ለሴኦይ ናጌ ግን ረጅም ሰው ነው የሚቸገረው። አንቺ ግን ጉልበትሽን ሳታጥፊ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ። ያን ጊዜ ጀርባሽና ደረቷ መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት ካለ ጀርባሽ ላይ የተጫነ ሰው የለም ማለት ነው። የቀኝ ክንድሽን እጥፋት ብብቷ ሥር አስገብተሽ ቆልፊ፣ ጉልበትሽን ዘርጊ፣ ፊትሽን ወደ ግራ አዙሪ። ጭንቅላት ወደ ዞረበት ሰውነት ይከተላል። ስትወድቅም እጅጌዋን አትልቀቂባት። ቀና አድርገሽ ከያዝሽላት በጎኗ በደንብ ታርፋለች፤ ነገም አብራሽ ለመለማመድ እምቢ አትልም።

ስለ ኡቺኮሚ፣ ሳይጥሉ መግቢያውን ስለ መደጋገሙ፣ ትንሽ ልቆጣ። በቀን 100 እሠራለሁ ብለሻል። ጎበዝ። ግን ስንቱ ላይ ነው ተረከዟ የተነሳው? እኔ ቁጥር ስቆጥር ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። የቆመ ሰው ላይ እየተመላለስኩ፣ ጀርባዬን እየነካካሁ፣ እያላበኝ። ሰውነቴ የተማረው ሚዛኗን ያልሳተች ልጅ ላይ እንዴት እንደሚገባ ብቻ ነበር። ዛሬ ብጀምር 30 እሠራለሁ፤ ሦስት እርምጃ አብረን እየሄድን፣ እያንዳንዱ ላይ አጣማሪዬ በእውነት ጣቷ ላይ ወጥታ፣ አሥረኛው ላይ ደግሞ ወፍራሙ ፍራሽ ላይ እጥላታለሁ። አጣማሪሽን «አሁን ተነሳሁልሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ከአሰልጣኝ ይልቅ የምታውቀው እሷ ነች።

ሌላው፣ ሴኦይ ናጌን ባዶውን አትሂጂበት። እጅሽን አይተው ያውቁብሻል። ኮ ኡቺ ጋሪ አስቀድሚ። በጋሪ እግሯን ከውስጥ ስታጭጂው (ጋሪ ማለት ማጨድ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር) ወደ ኋላ ላለመውደቅ ወደ አንቺ ትገፋለች። ያ የሷ ግፊት ላንቺ ኩዙሺ ነው። ራሷ ተሸክማ አመጣችልሽ። ግን አጨዳው የውሸት አይሁን፤ እግሯን ነካ አድርገሽ ብትመለሺ ማን ይደነግጣል? በእውነት ልትጥያት ሂጂ፤ ከወደቀች እሰየው፣ ካልወደቀች ዙሪ።

ሰዎች ሲያመልጡሽም አትናደጂ። ካኖ ኡኪ ጎሺ የሚባለውን የዳሌ አጣጣል ይወድ ነበር። ተማሪው ሳይጎ ሺሮ ዳሌውን እየዘለለ ያመልጠው ጀመር። ካኖ ቢጨንቀው በእግሩ ጠረገው፤ ሃራይ ጎሺ ከዚያ መጣ። ቪዲዮው ላይ ልጅቷ ሁለቴ ያመለጠችሽ በአንድ በኩል ነው፤ በቀኝሽ ዞራ። እዚያ የሚጠብቃት እግር ቢኖርስ?

ጉልበቴን አነሳሁ መሰለኝ መጀመሪያ ላይ። መጨረሻው ሙከራሽ ላይ በሁለት ጉልበትሽ ምንጣፉ ላይ ወድቀሽ ነው የገባሽው። ይሠራል፣ ትልልቆቹ ያደርጉታል። አንቺ ግን ቆመሽ መጣል ሳትችዪ አቋራጭ አታድርጊው። ጃፓናዊው ቶሺሂኮ ኮጋ እ.ኤ.አ. በ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ልምምድ ላይ ግራ ጉልበቱን ተጎድቶ፣ እንዲያም ሆኖ በ71 ኪሎ ወርቅ ወስዷል። እኔ ይህን ታሪክ ይዤ በታመመ ጉልበት አንድ ዓመት ሙሉ ተለማመድኩ። ኮጋ ኦሎምፒክ ነበረበት። እኔ የነበረብኝ የማክሰኞ ማታ ልምምድ ነው። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ሲንቋቋ አብረሽኝ ሰምተሻል። ካመመሽ ተቀመጪ።

መውደቁን ልመለስበት ብዬ ነበር። የምትታገዪው ላለመውደቅ ነው። ልምምድ ላይ ማንም ውጤት አይመዘግብም። ለሁለት ሳምንት በራንዶሪ ዝም ብለሽ ውደቂ። ክንድሽን አላልተሽ ሂጂ፣ ጥቃት ሰንዝሪ፣ ሲጥሉሽ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ ምንጣፉን በእጅሽ መትተሽ ተነሺ። መጀመሪያ ያበሽቃል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ወዴት እየተጣልሽ እንደሆነ ከመውደቅሽ በፊት ይሰማሽ ይጀምራል። ከአዲስ ጀማሪ ጋር ስትሆኚ ደግሞ ኦሶቶ ጋሪን፣ እግሩን ከውጭ አጭዶ ወደ ኋላ መጣሉን፣ በጣም ቀስ አድርጊ። መውደቅ ያልለመደ ሰው አገጩን አይሰበስብም፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ጭንቅላቱ ነው ምንጣፉን የሚመታው። እሱ ላይ ጀግና መሆን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በቪዲዮው 31ኛው ሰከንድ ላይ፣ በደንብ ከመያያዛችሁ በፊት፣ ልጅቷ ራሷ ወደ ፊት ስትመጣ አንቺ ገባሽ። አልጣልሻትም፤ ኮሌታዋ ሾልኮብሻል። ግን እግሯን እይው፣ ሁለቱም ተረከዞቿ ተነስተዋል። አንቺ ሳታስቢው ነው ያደረግሽው፤ ስላልወደቀችም እንደ ስህተት ቆጥረሽ ወዲያው ለቀቅሻት። እኔ ደጋግሜ ያየሁት እሱን ነው።

በሚቀጥለው ስትልኪ ስልኩን ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ የእናንተን ፊት ሳይሆን እግራችሁን ነው ማየት የምፈልገው። ስመጣ ጁዶጊዬን፣ የልምምድ ልብሴን፣ ይዤ እመጣለሁ። ማንንም መጣል አልችልም፣ መውደቅ ግን አልረሳሁም። ለአሥር ኡቺኮሚና ለአንድ መጣያ እበቃለሁ። ይህን መስመር ለእናትሽ አታንብቢላት።

አባትሽ