ፓቶሎጂውን አትተዪው

ቢሾፍቱ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰላማዊት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የለም። እኔ ግን ባለፈው እሑድ በስልክ ካለቀስሽ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያን ሌሊት ቃል አጥቼ «አይዞሽ» ብቻ ብዬሽ ዘጋሁት። ያላልኩሽን ልጽፍልሽ ዛሬ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስታመምሻት ጦጣ አልድን ስትል፣ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ያደረግሽው አንቺው ነሽ። በማግስቱ ደግሞ በድኗን ከፍተሽ የመረመርሽው አንቺው። «አባዬ፣ እኔ ሐኪም ነኝ ወይስ ገዳይ?» አልሽኝ። ቀጥለሽም እዚያ አሜሪካ አብረሽ ከምትሠለጥኛቸው ሁለት ሙያዎች ፓቶሎጂውን፣ ማለት በድንና የአካል ቁራጭ መርምሮ የበሽታን ምክንያት የማወቁን ሙያ ትተሽ፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት ሕክምናው ብቻ ለመቀጠል እንዳሰብሽ ነገርሽኝ።

ልጄ፣ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ምንጃር ተመድቤ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ስሠራ፣ አንድ ገበሬ ግንባረ ቦራ በሬ እየነዳ መጣ። «ሰንፎብኛል፤ ቀንበር ሲያይ ይተኛል፣ ቁልቁለት አልወርድም ይላል» አለኝ። በሬው ጀርባውን አጉብጦ፣ የፊት እግሮቹን ክርን ከጎኑ አርቆ ቆሟል። ዛሬ ሳስበው ሁሉንም እየነገረኝ ነበር። ከኋላው ግን ገና ብዙ ከብት ተሰልፏል። የትል መድኃኒት አጠጣሁትና «ምንም የለበትም፣ ሥራ ጠልቶ ነው» ብዬ ሰደድኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገበሬው ሰው ላከብኝ። በሬው ሞቷል። ደሙ መርጋቱን፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣውም ደም አለመውጣቱን አይቼ አባ ሰንጋ አይደለም አልኩና ከፈትኩት። የጣት ርዝመት ያለው የዛገ ሽቦ የማር እንጀራ ከመሰለው የጨጓራ ክፍል ተነሥቶ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ድያፍራም በስቶ፣ ልቡን የሸፈነው ከረጢት ውስጥ ገብቷል። ከረጢቱን ስቀደው መግል ፈሰሰ። ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለካስ ቁልቁለት ያልወረደው ሆዱ ወደ ፊት ሲገፋው ሽቦው ስለሚወጋው ነው። ገበሬው አጠገቤ ቆሞ ሽቦውን አየ። «ያ ሁሉ ጅራፍ!» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም ቢላዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የገረፈው እሱ ነው፣ ያስገረፈው ግን እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመትሽ ኤፍ ቪ ቢ ስለሚባሉት የምርምር አይጦች ስትነግሪኝ ይህ በሬ ነበር ፊቴ ላይ የመጣው። አይጦቹ ውኃ ውስጥ ይገቡና በዙሪያቸው በሚያዩት ምልክት እየተመሩ የተደበቀውን መቆሚያ ፈልገው ሲያገኙ ትውስታቸው ይለካል አልሽኝ። የዚህ ዘር አይጦች ግን ከወላጆቻቸው በሚወርሱት ጉድለት የተነሣ፣ ጡት በሚጥሉበት ዕድሜ ብርሃን ተቀባይ የሆኑት የዓይናቸው ሴሎች ያልቃሉ። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ አይጡ መቆሚያውን ሲያጣው «ትውስታው ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። አይጡ ግን ቀድሞውንም አያይም። የዓይኑን ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ነው ስህተቱን የሚያገኘው። እሱ ከሌለ አይጦቹ በከንቱ ያልቃሉ፤ መድኃኒት የሚጠብቀውም በሽተኛ በተሳሳተ መንገድ ይመራል። «ሰነፍ» በተባለው በሬና «ረሳ» በተባለው አይጥ መካከል ለእኔ ልዩነት የለም።

ስለዚህ ፓቶሎጂውን አትተዪው የምልሽ ለማዕረጉ ብዬ አይደለም። ሁለቱን ሥራ ሁለት ሰው ቢሠራው ምን አለበት ትዪኝ ይሆናል። ይሠሩታል፣ በየቦታውም እየሠሩት ነው። ነገር ግን ትናንት ያበላት፣ እንዴት እንደምትቆምና እንዴት እንደምትተነፍስ ያየ ሰው፣ ዛሬ ሲከፍታት የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ያን ጦጣ ሳታውቂያት ብትከፍቻት ኖሮ ያገኘሽውን ነገር ታገኚው ነበር? እስኪ ራስሽን ጠይቂ።

«ገዳይ» ስላልሽውም ልንገርሽ። እኔ በወጣትነቴ «ደስታ» የሚባለውን የከብት በሽታ ክትባት በበረዶ ሳጥን ተሸክሜ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ ስሮጥ ነው የኖርኩት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉው ቀን የአገራችንን ከብት የጨረሰና ሕዝቡን ያስራበ በሽታ ነው። ያን ክትባት እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ላይ ሲሠራው፣ ቫይረሱን ከጥጃ ኩላሊት በወጡ ሴሎች ውስጥ ደጋግሞ እያሳደገ ነው ያዳከመው። መሥራቱን ለማወቅም የተከተቡ ከብቶች ሆን ተብሎ በሽታው ተሰጥቷቸዋል። ላልተከተቡትም አብሮ ተሰጥቷቸዋል፣ እነሱን ግን በሽታው ያዛቸው። እኔ ስንት ሺህ ከብት ስወጋ እነዚያን ከብቶች አንድም ቀን አላሰብኳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር ጠፋ ሲባል እንኳን እኛን ክትባት ሰጪዎቹን ነው ያሰብኩት። አንቺ ግን ጦጣዋን አስበሽ አለቀስሽላት። ማልቀስሽ ለሥራው አልሆንም ማለት አይደለም። የማያለቅስ ሰው ያን ቤተ ሙከራ ቢይዘው ነበር የምፈራው።

ደግሞስ በዚያ ቤት ለእንስሳው የሚቆመው ማን ነው? ራስሽ እንዳስረዳሽኝ፣ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱ ቢያንስ አምስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ይታያል፤ የእንስሳት ሐኪም አለበት፣ ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው አለበት፣ ከተቋሙ ውጭ የሚመጣ ሰውም አለበት። ይህ ከውጭ የሚመጣው ሰው በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የአሜሪካ የእንስሳት ደህንነት ሕግ ለምርምር የሚረቡትን አይጦች አለመቁጠሩ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ምርምር ሌላ መመሪያ አለው ብለሽ አጽናንተሽኛል፤ ቢሆንም ሕግ ያልቆጠረውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። የአይጥ ሕመም ከፊቱ እንደሚነበብ፣ ዓይኑን ሲያጠብ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያደርግ፣ ጢሙ ሲቆም እንደሚታወቅ ያሳየሽኝን ሥዕል አልረሳውም። ሞንትሪያል ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ነው አልሽኝ። እኔ የዚያን በሬ ክርን የሚያነብ ዓይን ቢኖረኝ ኖሮ!

መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። የአሜሪካ መንግሥት የሥልጠና ድጎማ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ስለሆነ የአንቺ ደግሞ ከጓደኞችሽ ይልቅ ጠበበ። ሁለቱም ሙያ የየራሱ ቦርድ፣ የየራሱ ከባድ ፈተና አለው። እናትሽ «መቼ ነው የምታገባው?» ማለቷን አልተወችም፤ አጎትሽም በየበዓሉ «ስድስት ዓመት ተምራ አይጥ ትጠብቃለች ወይ» ይላል። ለእሱ የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ አትጨነቂበት።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ብቻሽን አትቆዪ። ለሚያሠለጥኑሽ ሐኪም ንገሪ፤ እሳቸውም ያለፉበት ነው። ለእኔም እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። አሁን «አይዞሽ» ብቻ ብዬ አልዘጋውም።

ያን ሽቦ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ቀቅዬ አጥቤ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቼው ከምንጃር ጀምሮ ከእኔ ጋር ሲዞር ኖሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አንቺ አገር በሚመጣው የጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ። እናትሽ ከሽሮውና ከበርበሬው ለይታ በነጭ ጨርቅ ቋጥራዋለች። ሲደርስሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ