ስለ በረዶ ሰባሪ መርከብ ስም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ባነበብኩት ጽሑፋችሁ፣ ፊንላንዶች በረዶ ሰባሪ መርከብን የሚጠሩበትን «ያንሙርታያ» የተባለ ቃል «ያንሙር» እና «ታያ» ብላችሁ መክፈላችሁ ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ትክክለኛው አከፋፈል «ያን» እና «ሙርታያ» ሲሆን፣ «ያ» በረዶ፣ ከኋላዋ የተለጠፈችው «ን» የእኛን «የ» የምትተካ አገናዛቢ፣ «ሙርታያ» ደግሞ ሰባሪ ማለት ነው፤ እኛ ከፊት የምናስቀድማትን እነርሱ ከኋላ ያስከትሏታል። «ያ» ከሀንጋሪኛው «ዬግ» ጋር የሚዛመድ ጥንታዊ ቃል ነው። በስሙ ውስጥ «መርከብ» አለመኖሩም ሊያስገርም አይገባም፤ እኛስ «ባሕር ሰርጓጅ» ብለን መርከቡን እንተወው የለ? እ.ኤ.አ. በ1890 የተሠራችው የፊንላንድ የመጀመሪያዋ የመንግሥት በረዶ ሰባሪም ስሟ ባጭሩ «ሙርታያ» ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ