አራተኛው ዲሴምበር

ውድ ልጄ፣

የቤዝቦሉን ኳስ በሰዓት 96 ማይል መወርወርህ ደስ ይላል። ክለቡ ግን ከራዳሩ ሌላ የሚቆጥረው ነገር አለ፤ አንተም ብትቆጥረው ይሻልሃል።

የፈረምከው በ21 ዓመትህ ነው። ስለዚህ ከፊርማህ በኋላ በሚመጣው አራተኛ ዲሴምበር ስምህ ክለብህ ከሌሎች ከሚጠብቃቸው 40 ተጫዋቾች ዝርዝር ካልገባ፣ ሌላ ክለብ ሩል ፋይቭ ድራፍት በሚባለው የዲሴምበር የተጫዋቾች ምርጫ 100,000 ዶላር ከፍሎ ሊወስድህ ይችላል። የወሰደህ ክለብ ዓመቱን ሙሉ ከዋናው ቡድን ጋር ሊያቆይህ ይገደዳል፤ ካልሆነለት በግማሽ ዋጋ መልሶ ለክለብህ ማቅረብ አለበት። ክለብህ አንተን ለመመዘን ያለው ጊዜ እስከዚያ ዲሴምበር ነው።

ይህ ቆጠራ ጉዳት አለ ብሎ አይቆምም። የክርንህ የውስጥ ጅማት ቢበጠስ ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ጥገና ይደረግልሃል፤ ብዙ ጊዜ ከእጅ አንጓ በላይ ካለው ክንድ ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተከላል። ተመልሶ ለመወርወር ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ከአራቱ ዲሴምበሮች አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱ፣ አልጋና ጂም ላይ አለፉ ማለት ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከክርን በታች፣ የክንድ ጡንቻ ሲጨመደድ ነው። ሲደክምህ ክንድህ ዝቅ ይላል፣ ፋስትቦል የምትሉት ፈጣኑ ኳስም ወደ ላይና ወደ ክንድህ በኩል ያመልጥሃል። ያኔ ኃይል አትጨምር፤ ለአሠልጣኙ ንገር። «ደህና ነኝ» ማለት እኛ ቤት ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

በወረወርክ ማግስት ቀለል ያለ ቅብብል ይበቃሃል። ቡልፔን የሚሉት የውርወራ ልምምድ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሁን፤ ከ30 ኳስ አትለፍ፤ ግማሹን ፋስትቦል መስሎ ለሚዘገየው ኳስ፣ ለቼንጅአፕ ስጠው። በፋስትቦልና ወደ ጎን በሚታጠፈው ስላይደር ብቻ የመጣ ፒቸር (ወርዋሪ) ያው ኳስ መቺ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው ይነበባል፤ ያን ጊዜ ጨዋታ ከመጀመር አንስተው በመሃል ወደሚገባ ተቀያሪነት ያወርዱሃል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 በተፈረመው ስምምነት፣ ከዋናው ሊግ በታች ካሉት ደረጃዎች የሲንግል-ኤ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ 26,200 ዶላር፣ ለዋናው ሊግ የሚቀርበው የትሪፕል-ኤ 35,800 ነበር። ማደሪያውን ክለቡ ይችላል። የፊርማህን ገንዘብ ግን እንደ ደመወዝ አትየው፤ ሁለተኛ አይመጣም፣ ግብሩን አስቀድመህ ለይ። መኪናው ይቆይ።

ጨዋታችሁ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነው። ሰኞ ደውል፣ ስለ ክንድህ እጠይቅሃለሁ።

አባትህ