የልብ ሐኪሙ ክሩምሆልዝ እንዴት ተረሳ?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ ስለ ልብ ሐኪሞች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ሁሉም ስለ ኦፕራሲዮንና ስለ ማሽን ሆነብኝ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ሃርላን ክሩምሆልዝስ? ሰውየው ካርዲዮሎጂስት ነው፣ ስሙን ያስጠራው ግን ታካሚው ከታከመ በኋላ ምን ሆነ ብሎ በዳታ መከታተሉ ነው። ሃርት አታክ የያዘው ሰው ሆስፒታል ከገባ በ90 ደቂቃ ውስጥ የተዘጋው ደም ስሩ በባሉን (ደም ስሩ ውስጥ ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ) መከፈት አለበት ይባላል፣ ያኔ ብዙ ሆስፒታል አይደርስበትም ነበር። ክሩምሆልዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ፈጣኖቹ ሆስፒታሎች ምን እንደሚያደርጉ አሳየ፣ ሚስጥሩም ውድ መሳሪያ አይደለም፣ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ማንንም ሳይጠብቅ በአንድ ስልክ ደም ስሩን የሚከፍተውን ቡድን ይጠራል፣ ቡድኑ በ20 ደቂቃ ይደርሳል፣ በቃ!

እኔን የነካኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የጻፈው ነው፣ ሆስፒታል መተኛት ራሱ ሰውን ያደክማል፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ አለመብላቱ፣ ጭንቀቱ፣ በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ በሌላ በሽታ ተመልሶ ይገባል ይላል። አባቴን አየኋቸዋ! በልብ ድካም ተኝተው ሌሊት 10 ሰዓት ደም ሊቀዱ ይቀሰቅሷቸዋል፣ ለምርመራ ጾመው ይውሉና ምርመራው ለነገ ይባላል፣ የመጣላቸውን ሾርባም ሳይነኩት ይመለሳል። ቤት በገቡ በ12ኛው ቀን ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው ተመለሱ፣ ልባቸው ደህና ነበር።

እስቲ ስለሱም አንድ ገጽ ስጡን።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ