ይድረስ ለወንድሜ፤ ስለ ጨፌው ሴንሰሮች

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ፤ ሐሳቤ ግን ካንተ ርቆ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው ጋራ አንሥቶ እስከ ጨፌው ድረስ ውርጭ የሚለኩ 24 ኖዶች (ልኬታቸውን በራዲዮ የሚልኩ ትንንሽ መለኪያዎች) ልትተክል ማሰብህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ገብሱ ፍሬ በሚይዝበት በጥቅምት ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ቁሩ ከጋራው ወርዶ ጨፌው ላይ ይተኛል። ጠዋት አመዳይ ለብሶ የሚገኘው ማሳ ካልተነካው ማሳ የሚያንሰው በጥቂት ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ይህን በአንድ ቴርሞሜትር ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ኔትወርክህ እንዲያምርልህ የማውቀውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ። የምታውቀውን ከደገምኩብህ ታገሠኝ።

ከሁሉ በፊት ይህችን ያዝልኝ፦ የኖድ ባትሪ የሚያልቀው በመናገር ሳይሆን በማዳመጥ ነው። ብዙ የተጻፈለትን ሲሲ2420 የተባለውን አሮጌ ራዲዮ ውሰድ። በ0 ዲቢኤም ኃይል (1 ሚሊ ዋት ማለት ነው) ሲልክ 17.4 ሚሊ አምፔር ይስባል፤ ማንም ሳያናግረው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ደግሞ 18.8። ጆሮው ከአፉ ይበልጥ ይበላል። 2,400 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዙ ሁለት ድንጋዮች በተከታታይ ብታስገባለትና ራዲዮው ሳይዘጋ ቢውልና ቢያድር 127 ሰዓት ይቆያል፤ አምስት ቀን ከምናምን ማለት ነው። አሁን ንግግሩን አስላው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው አይትሪፕልኢ 802.15.4 የተባለው የትንንሽ ራዲዮዎች ደንብ በሰከንድ 250 ኪሎ ቢት ስለሚያስተላልፍ አንድ ባይት 32 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከነመቅድሙ 46 ባይት የሆነ መልእክት 1.5 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። በየ15 ደቂቃው ብትልክ በቀን 96 መልእክት ነው፤ የቀኑ ንግግር ሁሉ ተደምሮ ከ0.15 ሰከንድ በታች ይሆናል። ቀኑ ግን 86,400 ሰከንድ አለው። በቀረው ጊዜ ማን ሊጠራኝ ይሆን እያለ ጆሮውን አቁሞ የሚያድር ኖድ ነው ድንጋዩን የሚጨርሰው።

የማክ ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ራዲዮው መቼ እንደሚናገርና መቼ እንደሚያዳምጥ የሚወስኑት ደንቦች፣ ትግል በሙሉ ከዚሁ ጋር ነው፤ ሁሉም ተኝቶ እንዴት ይነጋገራል? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤስ-ማክ ጎረቤቶችን በቀጠሮ አንድ ላይ ያስነሣል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ በየደረሰበት ኖድ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሲጠብቅ ይዘገያል። በ2004 የመጣው ቢ-ማክ ቀጠሮውን አስቀረው፤ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ነቅቶ አየሩን ለአፍታ ያሸትና ተመልሶ ይተኛል። ላኪው መልእክቱን ከመላኩ በፊት ከእንቅልፉ ዘመን የሚረዝም ጩኸት ያሰማል። ችግሩ ጩኸቱ ለማን እንደሆነ ስለማይታወቅ አካባቢው ሁሉ ነቅቶ በከንቱ መጠበቁ ነው። ኤክስ-ማክ በ2006 ያንን ረጅም ጩኸት ቆራርጦ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የተቀባዩን አድራሻ ጻፈበት። የማይመለከተው ወዲያው ይተኛል፤ የሚመለከተው በመሐል ባለው ክፍተት «አለሁ» ይላል፤ መልእክቱም ወዲያው ይተላለፋል። ላንተ ማሳ የምመርጠው የዚህን ዘር ነው።

ታዲያ በየስንት ጊዜው ይንቃ? አብዛኛው ሰው ከፋብሪካው የመጣውን ቁጥር እንዳለ ይተወዋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚባክነው። 24ቱ ኖዶች በሦስት በር (የሌሎቹን መልእክት በሚያሳልፉ ሦስት ኖዶች) ልኬቱ ሁሉ ወደሚከማችበት መሰብሰቢያ ቢገቡ እያንዳንዱ የበር ኖድ ከነራሱ የስምንት ኖድ ሸክም ይይዛል፤ በቀን 768 መልእክት ነው። አንዷ ማሽተት 2 ሚሊ ሰከንድ ትፈጃለች እንበል። በየ125 ሚሊ ሰከንድ ቢነቃ በቀን ለማሽተት ብቻ 1,382 ሰከንድ፣ ተቀባዩን እስኪያገኝ ለመጥራት በአማካይ 48 ሰከንድ ያጠፋል። በየግማሽ ሰከንድ ቢነቃ ማሽተቱ 346፣ መጥራቱ 192፣ ድምሩ 538 ይሆናል። በየሁለት ሰከንድ ብታደርገው ደግሞ ማሽተቱ ወደ 86 ይወርድና መጥራቱ 768 ይደርሳል፤ ተመልሶ 854 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰከንድ ላይ ተወው። 538 ሰከንድ ከቀኑ 0.62 በመቶ ነው፤ በወረቀት ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ያኖራል። የደጋውን ብርድና ኖዱ ተኝቶም የሚስበውን ጨምረህ ግማሹን ብቻ ቁጠር።

ስለ ብርዱ ካነሣሁ፣ ተራው አልካላይን ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ በተለይ ራዲዮው በድንገት ሲስብበት። የሚወርደው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ልኬቱን አጥብቀህ በምትፈልግበት ሰዓት ነው። ኖዱ ጠፍቶ ፀሐይ ሲመታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደህና ሆኖ ይነሣል፤ ገበታው ላይ የሚታየው ክፍተት ግን የኔትወርክ ብልሽት ይመስላል። ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር የባትሪውን ቮልቴጅና ስንት ጊዜ እንደ አዲስ እንደተነሣ አብረህ ላክ። ሁለት ሁለት ባይት ነው፤ አይክበድህ። ለጨፌዎቹ ኖዶች የሊቲየም ድንጋይ ብታገኝ ብርዱን የተሻለ ይችላል።

ሁሉም ኖድ በአንድ ሰዓት ተስማምቶ በቀጠሮ የሚነጋገርበትን ቲኤስሲኤች የተባለውን ያቀረቡልህ ሰዎች ካሉ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ሰዓቱ ከተስተካከለ እጅግ ቆጣቢ ነው። ሰዓቱ ግን ከብርድ ጋር አይስማማም። በየኖዱ ያለችው የ32,768 ኸርዝ ክሪስታል ልኳን የምትይዘው 25 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በራቀች ቁጥር በርቀቱ ካሬ ልክ ትዘገያለች። በ0 ዲግሪ በሚሊዮን 21 ገደማ ወደ ኋላ ትቀራለች። ቤት ውስጥ ሙቀት ላይ ያለው መሰብሰቢያ አይዘገይም፤ ጨፌው ላይ ያለው ይዘገያል። በሚሊዮን 20 ልዩነት ማለት በሰከንድ 20 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ የቀጠሮው መጠባበቂያ 1 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ በ50 ሰከንድ ያልቃል። ቀን ደህና የሚሠራ ኔትወርክ ሌሊት የሚበታተንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ከመረጥክ ሰዓት ማስተካከያው ከ50 ሰከንድ በፊት ይድረስ።

አሁን ወደ መሬቱ። ፕሮቶኮል ያልተመቸ አተካከልን አያድንም። የራዲዮ ሞገድ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ክር እንደተጠመጠመበት እንዝርት መሐሉ ይወፍራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሁለት ኖዶች መካከል 100 ሜትር ሲኖር መሐል ላይ ከመስመሩ እስከ ዳር 1.8 ሜትር ይሆናል፤ ቢያንስ የዚህ 60 በመቶ፣ 1.1 ሜትር ያህል፣ ባዶ መሆን አለበት። ገብሱ ሲያድግ አንድ ሜትር ይደርሳል ብለህ ብትይዝ አንቴናው ከ2 ሜትር በላይ ይውጣ። የ3 ሜትር የባሕር ዛፍ አጠና ቁረጥና 70 ሳንቲሙን ቅበረው፤ ጫፉ ላይ አንቴናውን ብቻ አውጣ። የሙቀት መለኪያው ግን ከገብሱ ቁመት ጋር ይሁን፤ ውርጭ የሚመታው እዚያ ነው። ርቀቱን ከ100 ሜትር ብዙ አታሳልፍ፤ በ100 ሜትር ባዶ አየር ብቻውን ከሞገዱ ጉልበት 80 ዲቢ (የጉልበት መቀነስ መለኪያ ነው) ይበላል፤ ራዲዮው የሚሰማው እስከ ‑95 ዲቢኤም ስለሆነ 15 ዲቢ መጠባበቂያ ይቀርሃል። በ200 ሜትር ግን 9 ብቻ ናት፤ እሷንም አንድ የረጠበ የባሕር ዛፍ ተራ ይጨርሳታል።

ጉሙን አትጠርጥር። ጣርማ በርም ሆነ አንኮበር ላይ ጉም ሲወርድ ሁሉም «ኔትወርኩን ጉሙ ወሰደው» ይላል፤ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነውና ጉሙ ለሱ ከምንም አይቆጠርም። ጥፋተኛው ከጉሙ ጋር አብሮ የሚመጣው እርጥበት ነው፦ የረጠበ ቅጠል፣ አንቴናው ላይ የተንጠለጠለ ውኃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማገናኛው ውስጥ የገባች ጠብታ። ሳጥኑን ወደ ታች በተከፈተ የኬብል ቀዳዳ አድርገው፤ ኬብሉም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይመለስ፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። አንቴናውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር አታስጠጋ። ሌላው፣ በጥር ገለባ ብቻ በቀረበት ማሳ ላይ የለካኸው መስመር በመስከረም፣ ገብሱ ቆሞ ጤዛ ተሸክሞ ባለበት፣ አያገለግልህም። ሙከራውን በመስከረም ጠዋት አድርገው። በየቦታው ወዲያና ወዲህ 100፣ 100 መልእክት ላክ፤ በሁለቱም አቅጣጫ 90 ያልሞላውን መስመር እንደሌለ ቁጠረው።

ወዲያና ወዲህ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሀ ለን እየሰማው ለ ሀን የማይሰማበት መስመር ብዙ ነው። ኢቲኤክስ የሚባለው ልኬት ሁለቱን ያባዛል፦ ወዲያ 0.9፣ ወዲህ 0.4 ቢሆን ብዜቱ 0.36 ነው፤ አንድ መልእክት ለማድረስ በአማካይ 2.8 ጊዜ መላክ ይጠይቃል። በመሐል ሌላ ኖድ አስገብተህ ሁለቱም እርምጃ በሁለቱም በኩል 0.95 ቢሆን እያንዳንዱ 1.1፣ ሁለቱ 2.2 ይሆናሉ። ሁለቱ አጫጭር እርምጃዎች ረጅሙን ይበልጡታል። የእርምጃ ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ፕሮቶኮል ግን ያንኑ መጥፎውን ረጅም መስመር ይመርጥልሃል።

ስለዚህ መልእክቱ በየትኞቹ ኖዶች እንደሚያልፍ የሚመርጠው መንገድ ፈላጊ አርፒኤል ይሁን፤ በአርኤፍሲ 6550 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው) እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ነው። ላንተ ሁሉም ልኬት ወደ አንድ ቦታ ስለሚሄድ እሱ ይስማማሃል። መሰብሰቢያውን የገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ መብራት ባለበት አድርገው፤ ከሱ በመነሣት እያንዳንዱ ኖድ ማዕረግ ይይዛል፤ መልእክትም ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ማዕረግ ይሄዳል። ወደ ላይ፣ ወደ መሰብሰቢያው፣ እየሄደ የነበረ መልእክት ከዝቅተኛ ማዕረግ ወደ ከፍተኛ ሲመጣ ከተገኘ ኖዶቹ እየተዟዟሩ ነው ማለት ነው፤ ፕሮቶኮሉ ይህን ያውቃል። ሌላው መንገድ ፈላጊ ኤኦዲቪ (አርኤፍሲ 3561፣ 2003) መንገድ በተፈለገ ቁጥር ኔትወርኩን በጥያቄ ያጥለቀልቀዋል፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ለመንዝ በጎች አንገት ላይ ቢታሰር፣ ትርጉም ይኖረዋል፤ ለተተከለ አጠና ግን አያስፈልግም። ኖዶችን በቡድን ከፍሎ በአለቃ የሚያስልከው ሊች የተባለውም ሲነበብ ያምራል፤ ነገር ግን ማንኛውም ኖድ መሰብሰቢያውን በአንድ ዝላይ እንደሚደርስ አድርጎ ያስባል። ገደልና ጉብታ ባለበት አገር ይህ አይሆንም።

ኡኡታ ከጋራ ወደ ጋራ እንዴት እንደሚሻገር ታውቃለህ። የሰማ ሁሉ መልሶ ከጮኸ ግን ከየት እንደተነሣ እንኳ አይለይም። አርፒኤል ውስጥ ያለው ትሪክል ይህን ነው የሚከለክለው። ኖዱ ሊል ያሰበውን ጎረቤቶቹ ደጋግመው ሲሉት ከሰማ እሱ ዝም ይላል፤ ለውጥ ከሌለም የማወጃውን ጊዜ በየጊዜው በእጥፍ ያረዝመዋል። በኮንቲኪ (የትንንሽ ኖዶች ማስኬጃ ሶፍትዌር) ከ4 ሰከንድ ገደማ ተነሥቶ ስምንት ጊዜ ሲታጠፍ 17 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል፤ ለውጥ ሲያይ ወዲያው ወደ 4 ሰከንድ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አንድ ደካማ መስመር አንዴ እየሠራ አንዴ እየቀረ ኖዱን ወላጅ (መልእክቱን የሚያሳልፍለትን ጎረቤት) ካስለወጠው በዙሪያው ያለው ሁሉ ወደ 4 ሰከንዱ እየተመለሰ ሌሊቱን ሲለፈልፍ ያድራል። አንድ መጥፎ መስመር የአምስት ኖድ ድንጋይ ይጨርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ወላጅ እንዳይለውጥ አድርገህ አስተካክለው።

ሌላው የማይታይ ችግር ጉብታው ነው። በጉብታው ግራና ቀኝ ያሉት ኖዶች አይሰማሙም፤ ጉብታው ላይ ያለው ግን ሁለቱንም ይሰማል። እያንዳንዱ አየሩ ጸጥ ማለቱን አረጋግጦ ይልካል፤ ሁለቱ መልእክቶች ጉብታው ላይ ይጋጫሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁሉም ልክ በ15ኛው ደቂቃ አይላኩ። የኖዱን ቁጥር በ20 ሰከንድ አባዛና በዚያ ልክ አዘግየው፤ 24ቱ በ8 ደቂቃ ውስጥ ይዳረሳሉ። በላዩ ላይ ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንድ ጨምርበት።

መልእክቱ ደርሶ ማረጋገጫው ከጠፋ ላኪው ይደግማል፤ ስለዚህ በመነሻው ላይ ተራ ቁጥር ይጻፍና መሰብሰቢያው ድጋሚውን ይጣል። መድገሙን ግን አትዝጋ፤ በየእርምጃው 90 በመቶ ቢያልፍ ያለ ድጋሚ ከአምስት እርምጃ በኋላ የሚደርሰው 59 በመቶ ብቻ ነው፤ እስከ ሦስት ጊዜ ሲሞከር ከ99 በላይ ይሆናል። ቻናሉን 26 አድርገው፤ ከዋይፋይ 11ኛ ቻናል በላይ ስለሆነ የማሠልጠኛው ዋይፋይ ከ11 ካላለፈ አይነካውም። ለሦስቱ የበር ኖዶች ትልልቁን ድንጋይ ስጣቸው፤ እነሱ ከሞቱ የቀሩት ሃያ አንዱ ሙሉ ባትሪ ይዘው ዲዳ ይሆናሉ። መብራት ሲጠፋም ልኬቱ አይጥፋ፤ 8 ባይት በቀን 96 ጊዜ ማለት 768 ባይት ነውና በየኖዱ 1 ሜጋ ባይት ፍላሽ (ማስታወሻ) ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ይቀመጣል። ራዲዮዎቹን ከመግዛትህ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃዱ ጠይቅ።

አጠናዎቹን ገና ካልቆረጥክ መጀመሪያ የማሳውን ንድፍ በእጅህ ሥለህ ላክልኝ፤ ጉብታውና የባሕር ዛፉ ተራ የት እንደሆኑ ምልክት አድርግበት። የመስከረሙን የመቶ መቶ ቆጠራም እንዲሁ። ከዚያ የትኞቹ ሦስቱ በር እንደሚሆኑ አብረን እንመርጣለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ሳምልኝ።

ወንድምህ