ጭብጨባው ይቆይ፣ ደብተሩ ይቅደም

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለትዕግስት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አባባና እማዬስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ናሆም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በታኅሣሥ እዚያው ሐዋሳ ረጅሙን ትራያትሎን ሊሞክር መቁረጡን፣ አዘጋጅ እንደሌለው፣ ከጎናቸው የምትቆሙትም እናንተ ብቻ መሆናችሁን ከድምፅ መልእክትሽ ሰማሁ። «ከማጨብጨብ ሌላ ምን እናውቃለን?» ብለሻል። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ይጠፋል ብዬ ጻፍኩት። አሳትሚውና የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ርቀቱን ታውቂዋለሽ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። አዘጋጅ የለውም ብላችሁ አትስጉ፤ ነገሩ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። የካቲት 1970 (እንደ ፈረንጆቹ 1978) ሃዋይ ውስጥ ኦዋሁ ደሴት ላይ 15 ሰዎች ጀምረው 12ቱ ጨረሱ፤ እያንዳንዱ የራሱን ረዳቶች ይዞ ነበር የመጣው። ሁለተኛ የወጣው የጆን ደንባር ረዳቶች ውሃ አለቀባቸውና ቢራ አጠጡት። ባያጠጡት ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ውሃውን የቆጠረ ሰው እንዳልነበረ ግን ግልጽ ነው። የእናንተም ሥራ መቁጠርና መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይኑረው፤ ሰዓት፣ ዙር፣ የጠጣው፣ የበላው፣ የተናገረው ይጻፍበት። ስልክ ላይ አትመዝግቡ፤ ባትሪ ያልቃል፣ እጅም እርጥብ ይሆናል።

ዋናውን ሐይቁ ውስጥ ካሰቡ አስጥዪአቸው። ጉማሬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ትል ደግሞ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ውሃውን አለመዋጥ ብቻ አያድንም። አንድ ሆቴል አነጋግረው መዋኛ ገንዳውን ለሁለት ሰዓት ይከራዩ፤ ርዝመቱን ግን ራስሽ በሜትር ለኪው። 25 ሜትር ከሆነ ከግድግዳ ግድግዳ 152 ጊዜ ነው፤ 20 ሜትር ከሆነ 190 ጊዜ። የሚዋኝ ሰው ሃምሳ ሳይደርስ ቁጥር ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ለአንድ ዋናተኛ አንድ ቆጣሪ መድቡ። ቆጣሪው በአምስት በአምስት ጭረት እየሰረዘ፣ በየአሥሩ ቁጥሩን በካርቶን ላይ ትልቅ አድርጎ ግድግዳው ጋ ያሳይ። ከቆጣሪዎቹ ሌላ ዋና የሚችል አንድ ሰው ውሃውን ብቻ ይመልከት፤ አይቁጠር፣ ፎቶ አያንሳ፣ ስልክ አያንሳ። የታኅሣሥ ጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ስታናግሪው ምላሱ የሚጎተት ካለ ያለ ክርክር ይውጣ፤ ጋቢና ትኩስ ሻይ ይጠብቀው። ትርፍ የመዋኛ መነጽርም ያዙ፤ ላስቲኩ ሁልጊዜ የሚበጠሰው ሊጀመር ሲል ነው።

ሰዓቱን እንዲህ ገምቱት። ጠዋት 12፡30 ከገቡና መቶ ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ከዋኙ ወደ 2 ሰዓት ግድም ይወጣሉ። ብስክሌቱን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢነዱ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቆም ማለቱም አለ፤ ስለዚህ ሩጫው 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ይጀመራል። ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ከሮጡ ማታ 3፡30 አካባቢ ይጨርሳሉ። በትልልቅ ውድድሮች የተለመደው ገደብ 17 ሰዓት ነው፤ በዚህ ሂሳብ ምሽት 5፡30 ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህን ከአሁኑ ተስማሙበት። የደከመ ሰው ያን ጊዜ «እጨርሳለሁ» ብሎ ቃል ይሰጣል እንጂ አመዛዝኖ አይደራደርም።

ናሆም ለብስክሌቱ ዲላ ደርሶ መልስ ማሰቡን ጽፈሽልኛል። በካርታ ያምራል፣ ወደ 180 ገደማ ይሆናል። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ መንገዱ የጭነት መኪና አለበት፣ እናንተም ቀኑን ሙሉ ስታሳድዱ ነው የምትውሉት። ይልቅ ሄዶ 15 መጥቶ 15 የሆነ ጸጥ ያለ መንገድ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋግራችሁ ምረጡ፤ ስድስት ጊዜ ሲመላለሱት 180 ይሞላል። እሁድ ጠዋት ይሻላል። ጠረጴዛው አንድ ቦታ ይሆናል፤ እያንዳንዱን ልጅ በየ72 ደቂቃው ታዩታላችሁ። ጎረቤታችን በባጃጅ ከኋላ ከኋላ እከተላቸዋለሁ ቢል እንዳትፈቅዱለት፤ ጭስ ያጠጣቸዋል፣ የሚቀድመውንም መኪና ወደ ተቃራኒው መስመር ይገፋዋል። ከመዞሪያው ጫፍ ላይ ትርፍ ጎማና ውሃ ይዞ ይጠብቅ።

የመጠጡን ነገር እማዬ ትያዘው፤ በእጇ የሚለካ ነገር አይሳሳትም። ለአንድ ሊትር ውሃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር (ልሙጥ ማንኪያ፣ ወደ 60 ግራም)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ከዚህ በላይ ስኳር ከገባበት ሆድ ውስጥ ይቆማል፤ ልጁ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያም መጠጣት ያቆማል፣ ድካሙም ከዚያ ይመጣል። ብስክሌት ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋሉ። አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ከዚህ ድብልቅ 45 ግራም ይሰጣል፣ አንድ ሙዝ 25 ግራም ያህል፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ በማር ሲጨመርበት ለአንዱ ዙር በቂ ነው። ፋርማሲ ያለው ኦ አር ኤስ ለተቅማጥ የተሠራ ነው፤ ጨው እንጂ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ምግብ አይተካም። እማዬ ስለ ጾሙ ታስብ ይሆናል፤ ሙዙም፣ ቴምሩም፣ በጨው የተቀቀለው ድንችም፣ ወተት ያልገባበት ዳቦም የጾም ስለሆነ ችግር የለም። በሶ ግን ከሌሊቱ በፊት ባለው ቀን ይብሉ፤ በመንገድ ላይ ገለባው ሆድ ይነፋል። በልምምድ ያልሞከሩትን ነገር፣ እኔ የምልከውንም ቢሆን፣ በዕለቱ አትስጧቸው።

ለሦስቱ ለብስክሌቱ ብቻ፣ በየዙሩ ሁለት ሁለት ኮዳ (አንዱ ድብልቅ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ)፣ 36 ኮዳ ወይም 27 ሊትር ነው። ሩጫውና በራስ ላይ የሚፈሰው ሲጨመር ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዘጋጁ። ዘይት የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥ እንዳትጠቀሙ፤ አጥበነዋል ብትሉም ሽታው አይለቅም፣ በሙቀት ይብሳል። የመጠጡን በቀይ ክር፣ የማፍሰሻውን በጥቁር ክር እሰሩ። ኮዳዎቹ ላይ የየልጁን ስም በቴፕ ለጥፉ። ሲመለስ ስንት እንደተረፈ አይታችሁ ጻፉ። ሁለት ዙር ተከታትሎ ኮዳውን ሳይነካ የተመለሰ ልጅ ችግር ውስጥ ነው፣ እሱ ግን አይነግራችሁም።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ውሃ ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ጣቱ ያብጣል፣ ሰዓቱ እጁ ላይ ይጠብቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ይዘባርቃል። ሚዛን አንድ ቀን ተዋሱ፤ መንገድ ዳር ልጆች ይዘዋት የሚቀመጡት ዓይነት ይበቃል። ጠዋት ከመግባታቸው በፊት፣ ከብስክሌት ሲወርዱ፣ በተመሳሳይ ልብስ መዝኗቸው። 70 ኪሎ የነበረ ልጅ 68 ተኩል ቢሆን ምንም አይደለም። ከጠዋቱ ኪሎ ከጨመረ ግን ውሃ አቁሙ፣ ጨዋማ ነገር ስጡት፤ ራሱን ካመመው ወይም ከዘባረቀ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዱት። እዚያም ስትደርሱ «ውሃ አብዝቶ ነው» ብላችሁ ተናገሩ፤ ያለዚያ የደረቀ መስሏቸው ፈሳሽ ሊሰጡት ይችላሉ።

ሕመም ማስታገሻ ስጡን ብለው ይለምኗችኋል። አይቡፕሮፌንም ሆነ ዲክሎፌናክ አትስጡ፤ በላብ ውሃ ያጣ ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ።

ስለ ጎማ አባባን አደራ እላለሁ። አባባ፣ የእነዚህ ብስክሌቶች ቫልቭ ቀጭን ከሆነ የጎሚስታው መንፊያ አይገባለትም፤ ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ከአሁኑ ፈልገው ያግኙ። የጎሚስታው አየር ለመኪና ስለሆነ ካላማዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ የእጅ መንፊያ ይሻላል። ካላማዳሪ ሲለወጥ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ የግራር እሾኹ እዚያው ከቀረ አዲሱም በአምስት ደቂቃ ይተነፍሳል። ጎማው ከተመለሰ በኋላ ፍሬኑ መጋጠሙን አይተው ይልቀቁት። ለሦስቱ ስድስት ካላማዳሪ ይበቃል።

ኮዳ ስትሰጪ ከአንገቱ በላላ እጅ ያዢው፣ ክንድሽን ዘርጊ፣ እሱ ሲይዘው ልቀቂ። ቁልቁለት ላይ አትቁሙ። ሲመጡ ስም ሳይሆን የያዛችሁትን ጥሩ፤ «ውሃ!»፣ «ሙዝ!»። ጠረጴዛውን ያለ ጠባቂ አትተዉ፤ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ከሆነ ጦጣዎቹ ሙዙን ከእናንተ ቀድመው ይቆጥሩታል። አሞራ ገደል ድረስ ከወረዳችሁ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አለ፣ እሱ ስለ ምንም አያፍርም።

ከብስክሌት ሲወርዱ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ እግራቸውን አድርቁ፣ ካልሲ ቀይሩ፣ ብብትና ጭን መሃል ቫዝሊን ይቀቡ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከተቀመጡ ጡንቻቸው ይያያዛል።

ለሩጫው 3 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር ብታገኙ አሥራ አራት ጊዜ ነው፣ በመጨረሻ 195 ሜትር ይጨመራል። በቀን የሐይቁ ዳር ጥላ አለው፣ ደስ ይላል። ግን በዚህ ሂሳብ ስድስተኛው ዙር ላይ ይጨልማል፤ ጉማሬ ደግሞ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል። ስለዚህ 12 ሰዓት ሲሆን ያለ ምንም ውይይት ወደ ከተማው ውስጥ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና መብራት ወዳለበት ተዛወሩ። አዲሱን ዙር ቀደም ብላችሁ በብስክሌት ለኩት። የግንባር መብራትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የግድ ነው።

ከሃያ አምስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጣፋጭ ምግብ ይጠላሉ። ያን ጊዜ ጋዙ የወጣ ኮካ ስጡ፤ ማታውኑ ከፍታችሁ ብታሳድሩት ይሻላል። ኮካ አንዴ ከጀመሩ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይቀጥሉ፤ ቢቋረጥ ጉልበታቸው ይወርዳል። የአትክልት ሾርባ በጨው፣ በትንሽ ኩባያም ጥሩ ነው።

«ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። «ስንተኛ ዙር ነህ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ። አንድ ዙር ቢሳሳት ድካም ነው። የት እንዳለ ካላወቀ፣ እየተንገዳገደ ቆዳው ከጋለ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ እዚያው ይቆማል። የጋለውን ከመጫናችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት፣ ማራገብም ጀምሩ። «ትንሽ ነው የቀረህ» የሚባለውን ተዉት፤ የቀረውን በቁጥር ንገሩት። አይዞህ ግን በነፃ ነው፣ አትቆጥቡት።

እናንተም ሰው ናችሁ። ተራ ግቡ፤ አባባ ከቀትር በኋላ ቤት ሄደው ትንሽ ይረፉ፣ አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ እቆማለሁ እንዳትይ። ምሳ ለረዳቶቹም ይቋጠር።

ሲጨርሱ ወዲያው አታስተኟቸው፤ ጥቂት ይራመዱ፣ ከዚያ ጋቢ። ሰውነታቸው በድንገት ይቀዘቅዛልና ይንቀጠቀጣሉ። ሻወር ቤት ብቻቸውን አይግቡ፣ በሩም አይቆለፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ናሆም ወደፊት በተደራጀ ውድድር ከገባ ይህ ሁሉ የተከለከለ ነው። እዚህ በየዓመቱ በማይን ወንዝ ዳር ውሃ ከሚያድሉት ጋር ስቆም የማየው ነው፤ ቤተሰብ ኮዳ ቢያቀብል ወይም አብሮ ቢሮጥ ልጁ ሊሰረዝ ይችላል። የሐዋሳው ልማድ ሆኖ እንዳይቀርበት ይወቀው።

ሰው ሲመጣ ሦስት የግንባር መብራት፣ ስድስት ካላማዳሪና ሁለት መንፊያ እልካለሁ። የሦስት ነገር መልስም እፈልጋለሁ፤ የገንዳው ርዝመት ስንት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር (700 በ25 ወይም 700 በ28 የሚል ነው)፣ የቫልቩንም ፎቶ ቀርበሽ አንሺው። መንገደኛዋ የምትነሣው ኅዳር 20 ነው።

እማዬንና አባባን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ፣
ሚኪያስ